ስካን የተደረገ ኖታን በኮምፒውተር ወደሚታረም ኖታ መቀየር፦ 41 ገጽ የመዘምራን ወረቀት ይዣለሁ

ሐዋሳ_አልቶ (ሰኞ ምሽት 2፡15)

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አሠልጣኝ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት አሠልጣኝ ጡረታ ሲወጡ አንድ ካርቶን ኖታ አስረክበውኛል። ቆጠርኩት፤ 41 ገጽ ነው። 26ቱ በማተሚያ ቤት የታተሙ፣ 15ቱ በእጅ የተጻፉ ናቸው። የታተሙት ሁሉ ለአራት ድምፅ የተሠሩ ሲሆኑ ሶፕራኖና አልቶ በላይኛው አምስት መስመር፣ ቴነርና ባስ በታችኛው ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል።

የምፈልገው ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ቴነሮቼ ከፍ ያለውን ድምፅ ስለማይደርሱበት አንዳንዱን መዝሙር በአንድ ቶን ዝቅ ማድረግ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ወረቀት ለይቶ ማተም፣ ኖታ ለማያነቡት ደግሞ ኮምፒውተሩ እያጫወተላቸው ቤታቸው እንዲለማመዱ ማድረግ። ወረቀቱን በቢሮ ስካነር ጥቁርና ነጭ አድርጌ ስካን አደረግሁና በኢንተርኔት በነጻ እንቀይራለን ከሚሉት ወደ አንዱ ጫንኩት። የመጣልኝ ነገር ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አንዱ ባር (በቁም መስመር የተከለለው የኖታ ክፍል) ውስጥ ሰባት ምት፣ ቀጣዩ ውስጥ ሁለት። ቴነሩ ከሶፕራኖ በላይ ይጮኻል። የአማርኛው ግጥም የላቲን ፊደልና ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል።

ከእናንተ መካከል ይህን ሠርቶ የተሳካለት አለ? ወይስ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ልጻፈው?

ስቱትጋርት_ባስ (ሰኞ ምሽት 3፡40)

ይሳካል፤ ነገር ግን «መቀየር» የሚለው ቃል ሰውን ያሳስታል። ፕሮግራሙ የሚሰጥዎት ረቂቅ ነው። የታተመውን ገጽ በተመለከተ ረቂቁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ስለተጻፈው ግን ተስፋ አልሰጥዎትም።

ከስካኑ ልጀምር፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነውና። ፕሮግራሙ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው አምስቱን መስመሮች ነው። የመስመሩን ውፍረትና በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር በዚያ ርቀት ይመዝናል። የኖታው ራስ አንድ ርቀት ያህል ከፍታ አለው፣ ዘንጉ ሦስት ርቀት ተኩል ያህል ነው፣ እያለ ነው የሚያነብ። ስለዚህ ያ ርቀት በቂ ነጥብ ከሌለው የቀረው ሁሉ ግምት ነው። በተለመደ የኤ4 ገጽ ላይ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው 1.75 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በኢንች 300 ነጥብ ስካን ሲደረግ 20 ነጥብ ያህል ይሆናል፤ ይህ ለፕሮግራሙ ምቹ ነው። የመዘምራን መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ ደቃቅ ነው። ርቀቱ 1.4 ሚሊሜትር ከሆነ በ300 የሚያገኙት 16 ገደማ ብቻ ስለሆነ ወደ 400 ከፍ ያድርጉት። ከዚያ በላይ መሄድ ፋይሉን ከማክበድ በቀር ትርፍ የለውም።

ሁለተኛው፦ ጥቁርና ነጭ አድርገው ስካን አያድርጉ። በግራጫ ያድርጉት። ስካነሩ «ይህ ጥቁር ነው፣ ይህ ነጭ ነው» ብሎ አስቀድሞ ከወሰነ የሳሳው መስመር ይበጠሳል፣ የተጠጋጉት ኖታዎች ይጣበቃሉ፣ የጠፋውም አይመለስም። ግራጫ ሲሆን ግን ውሳኔውን ፕሮግራሙ ራሱ ገጹን አይቶ ይወስዳል። ወረቀቱንም መስታወቱ ላይ ቀጥ አድርገው ያስተኙት። መጽሐፍ ከሆነ መሐሉ ጋር የሚያብጠው ቦታ መስመሩን ያጎብጠዋል፤ በእጅ ተጭነው ይያዙት።

ፕሮግራሙን በተመለከተ እኔ ኦዲቬሪስን እጠቀማለሁ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፣ የሚሠራውም በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ወረቀትዎን ለማያውቁት ድረ ገጽ አይሰጡም። ውጤቱን በሙዚክ ኤክስኤምኤል፣ የተለያዩ የኖታ ፕሮግራሞች በሚጋሩት የፋይል ዓይነት፣ ያወጣል፤ እሱን በሙዝስኮር ከፍተው ያርማሉ። ሙዝስኮርም ነጻ ነው።

ቴነሩ ከሶፕራኖ በላይ የጮኸው የታችኛው መስመር ባስ ክሌፍ ትሬብል ተብሎ ስለተነበበ ነው፤ ክሌፍ ማለት ከመስመሩ መነሻ ላይ ሆኖ የትኛው መስመር የትኛው ድምፅ እንደሆነ የሚወስነው ምልክት ነው። በባስ ክሌፍ መካከለኛው መስመር ሬ ነው፤ በትሬብል ግን ሲ፣ ያውም ከአንድ ኦክታቭ በላይ ከፍ ብሎ። ኦዲቬሪስ ውስጥ ክሌፉን በአንድ ጠቅታ ማረም ይችላሉ፤ የመስመሩ ኖታ ሁሉ አብሮ ይስተካከላል። ይህን ከማውጣትዎ በፊት ያድርጉት። ካወጡ በኋላ አንድ በአንድ ማውረድ የሲኦል ሥራ ነው።

ገልባጩ (ማክሰኞ ጠዋት 1፡05)

ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የኦርኬስትራ ኖታ ገልባጭ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ወረቀት በብዕር የምናወጣ ሦስት ሰዎች ነበርን። ለአራት ድምፅ የተጻፈ አንድ ገጽ በአርባ ደቂቃ እገለብጥ ነበር፤ ያውም ሻይ እየጠጣሁ። ስካን አድርጎ፣ ጭኖ፣ ክሌፍ አርሞ፣ ባር ቆጥሮ፣ ግጥሙን እንደ አዲስ ጽፎ... ይህ ሁሉ ከአርባ ደቂቃ ያንሳል? ማሽኑ ሲሳሳት ደግሞ ሰው እንደሚሳሳተው አይደለም። ሰው ሲደክመው አንድ ባር ይዘላል፤ ታገኘዋለህ። ማሽኑ የሚሳሳተው የኖታን ራስ ከአቧራ ነጥብ ጋር አምታቶ ነው። ትክክል የሚመስል ስህተት ይሠራል። እሱን ነው የምፈራው።

ስንት ዓመት ነው እነዚህ ሰዎች ይህን ነገር ሲሞክሩ?

ስቱትጋርት_ባስ (ማክሰኞ ቀን 7፡30)

ጋሼ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያው የሚባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው ኤምአይቲ የቀረበ የዶክትሬት ጥናት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጃፓኑ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ዋቦት-2 የተባለ ሮቦት ሠርቶ ነበር፤ በካሜራ ኖታ አይቶ ኦርጋን በእጁና በእግሩ ይጫወት ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አስቸጋሪነቱ ግን እርስዎ ያሉት ላይ ነው። የተጻፈ ቃል ሲነበብ አንድ ፊደል ቢሳሳት ከጎኑ ያሉት ፊደላት ያርሙታል። ኖታ ላይ ግን አንዱ ከሌላው ጋር በአግድምም በቁመትም የተያያዘ ነው። አንድ ነጥብ ከኖታው ቀኝ ሲሆን ርዝመቱን በግማሽ ይጨምራል፣ ከላዩ ሲሆን አጭር አድርገህ ቁረጥ ይላል፣ ቆሻሻ ሲሆን ምንም አይደለም። ሦስቱም ነጥብ ናቸው።

ስለ ጊዜው፦ በደንብ ለታተመ ገጽ እኔ ከስካን እስከ እርማት 20 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ለተበላሸ ገጽ አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ እርስዎ ትክክል ነዎት፣ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል። እኔ ራሴ ገጹን ሳየው ነው የምወስነው።

ገልባጩ (ማክሰኞ ቀን 8፡10)

በእጅ የተጻፉትን 15 ገጾች ግን አትድከሚ። እኛ ስንጽፍ የኖታውን ራስ ክብ አናደርገውም ነበር፤ የብዕር አንድ ጭረት ነው። ሦስት ኖታ በአንድ ምት ሲገባ «3» የምንለው በመጀመሪያው ባር ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተጫዋቹ ያውቃል። ባር ሲደገም አንድ ዘንበል ያለ ሰረዝና ሁለት ነጥብ አድርገን እናልፋለን። ማሽኑ ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል?

ስቱትጋርት_ባስ (ማክሰኞ ቀን 8፡25)

አያውቀውም። በዚህ ተሸንፌያለሁ።

ባለክላርኔት (ማክሰኞ ምሽት 1፡50)

በ«3» ጉዳይ ላይ ልጨምር። በእጅ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ የታተመውም ቢሆን «3»ቱን ከሁለተኛው ባር ጀምሮ ይተዋል። ፕሮግራሙ ታዲያ ሦስቱን እንደ ተራ ግማሽ ምት ያነባቸውና ባሩ ሞልቶ ይፈሳል። እህቴ «ሰባት ምት» ያልሽው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ደግነቱ የዚህ ዓይነቱ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። ሙዝስኮር ምቱ የማይሞላውን ወይም የተረፈውን ባር ከላዩ ደብዛዛ የመቀነስ ወይም የመደመር ምልክት ያደርግበታል። ኦዲቬሪስም የተጠራጠረውን ባር ቀለም ይቀባዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክት የተደረገባቸውን ባሮች ብቻ እየዞርሽ አርሚ። ምቱ ሲስተካከል ከጥፋቱ ግማሹ ይወድቃል።

ጋሼ የፈሩት ግን ሌላው ግማሽ ነው፤ ምቱ ሞልቶ ድምፁ የተሳሳተ። ለዚያ አንድ ዘዴ አለኝ። የእኛ ዜማ ብዙው አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። መዝሙሩ በትዝታ ሜጀር ቅኝት ከዶ የተነሣ ከሆነ ዜማው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እንግዲያው የሶፕራኖው መስመር ላይ ፋ ወይም ሲ ካየሽ ወረቀቱን ተመልከቺ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የፕሮግራሙ ስህተት ነው፤ አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያነበበው። በባቲ ሜጀር ከሆነ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ እዚያ ሬና ላ ይጠረጠራሉ። ይህ ግን ለዜማው ብቻ ነው። አልቶውና ባሱ በአውሮፓ ሀርመኒ የተሞሉ ስለሆኑ ፋም ሲም በሕጋዊ መንገድ ይገባሉ።

አንቺሆዬ ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ፍላቶቹ (ድምፁን በግማሽ ቶን ዝቅ የሚያደርጉት ምልክቶች) ብዙ ጊዜ ከክሌፉ ጎን ሳይሆን ከኖታው ጎን ይጻፋሉ፤ በደቃቅ ኅትመት ላይ ደግሞ ፍላት በቀላሉ ከሚጠፉት አንዱ ነው። ሁለት ፍላት ጠፋ ማለት ቅኝቱ ጠፋ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲያጫውተው የሚሰማሽ አንቺሆዬ ሳይሆን የማላውቀው አገር ዜማ ነው።

ሐዋሳ_አልቶ (ማክሰኞ ምሽት 4፡00)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በእጅ የተጻፉትን እንደ አዲስ እጽፋለሁ፤ ወስኛለሁ። የታተሙትን ነገ በግራጫ እንደገና ስካን አደርጋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ በእጅ ከተጻፉት ውስጥ የክላርኔትና የትራምፔት ወረቀት አለ። እነሱን ስጽፋቸው የተጻፈውን እንዳለ ላስገባው?

ባለክላርኔት (ማክሰኞ ምሽት 4፡20)

እንዳለ አስገቢው፤ ነገር ግን መሣሪያውን ከመጀመሪያው «ክላርኔት በሲ ፍላት» ብለሽ ምረጪ። የእኔ ክላርኔት ሬ ተብሎ ሲጻፍለት የሚሰማው ዶ ነው። ፕሮግራሙ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ካላወቀ ፒያኖ ነው ብሎ ይወስድና ከመዘምራኑ ጋር ሲጫወት አንድ ቶን ከፍ ብሎ ይጋጫል። ፒያኖ ብለሽ ጽፈሽ በኋላ ወደ ክላርኔት ከቀየርሽው ደግሞ ሙዝስኮር የሚሰማውን ድምፅ ጠብቆ የተጻፈውን አንድ ቶን ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። የመጀመሪያዋን ኖታ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው፤ እሷ ከገጠመች የቀረው ይገጥማል።

የደብተራ_ልጅ (ረቡዕ ጠዋት 3፡30)

ይቅርታ፣ ወሬውን ላስቀይር። አባቴ ድጓ (የያሬድ የዜማ መጽሐፍ) አላቸው፣ በብራና። ምልክቱ ከቃሉ በላይ ነው። ይህ እናንተ የምትሉት ፕሮግራም እሱን ያነባል?

ስቱትጋርት_ባስ (ረቡዕ ቀን 9፡15)

አያነብም፤ ቢሻሻልም የሚያነብ አይመስለኝም። ኦዲቬሪስም ሆነ ሌሎቹ የሚጀምሩት ከአምስት መስመር ነው አልኩ፤ ድጓ መስመር የለውም። የኖታው ራስ ከፍታ ድምፁን ይነግራል፤ የያሬድ ዜማ ምልክት ግን ድምፅ አይነግርም፣ አካሄድ ነው የሚነግረው።

የደብተራ_ልጅ (ረቡዕ ምሽት 1፡10)

እሱንስ አውቃለሁ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ከነዚህ ሌላ ደቃቅ ፊደል ከቃሉ በላይ ይጻፋል፤ ያ ፊደል ከሌላ ቃል የተቆረጠ ነው፤ የዚያን ቃል ዜማ የሚያውቅ ሰው «በዚያ አካሄድ በለው» ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል። የማያውቅ ምንም አይገባውም። አባቴ «ምልክቱ ለረሳ ነው እንጂ ላልተማረ አይደለም» ይላሉ።

እኔ የጠየቅሁት ግን እንዲያዜም አይደለም። ብራናው እየጠፋ ስለሆነ ቢያንስ በኮምፒውተር ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ (ረቡዕ ሌሊት 5፡45)

ከሜሪላንድ ሰላም ብያለሁ። ለዚህኛው መልስ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በ4.1 እትሙ የግዕዝ ተጨማሪ ክፍል ሲያወጣ አሥር የዜማ ምልክቶችን አስገብቷል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ይዟቸዋል። ስለዚህ ምልክቶቹን እንደ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል። ከቃሉ በላይ በትክክለኛው ቦታ ላይ ማስቀመጡ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ እኔ በሠንጠረዥ ፕሮግራም ሁለት ረድፍ አድርጌ፣ ላይኛው ለምልክት፣ ታችኛው ለቃል፣ እንዲያ ነው የሠራሁት። አያምርም፣ ግን ይፈለጋል፣ ይገለበጣል። ብራናውን ከሁሉ በፊት በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሡት።

አሁን ወደ ሐዋሳዋ እህቴ ልመለስ፤ ስለ ግጥሙ ማንም አልነገረሽም፣ እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት የታገልኩት እሱን ነው። እዚህ የሕፃናት መዘምራን አስተምራለሁ፤ ኖታውን ማንበብ ይችላሉ፣ ፊደሉን ገና እየተማሩ ነው።

ኦዲቬሪስ ጽሑፉን ቴሰራክት ለተባለ ሌላ ፕሮግራም ያስተላልፈዋል። ቴሰራክት አማርኛ አለው፤ ግን ለብቻው ተጨምሮ መመረጥ አለበት። አንቺ ዘንድ የላቲን ፊደል የመጣው አንባቢው አማርኛ እንደሆነ ስላልተነገረው ይመስለኛል። ከመረጥሽውም በኋላ ብዙ አትጠብቂ፤ ከኖታ በታች ያለ ግጥም ሙሉ ቃል ሆኖ የተጻፈ አይደለም፣ ተበታትኖ በሰረዝ የተያያዘ ነው። አንባቢው ደግሞ የለመደው ሙሉ ቃል ነው። እኔ አሁን ግጥሙን ከነጭራሹ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ሙዝስኮር ላይ የመጀመሪያውን ኖታ መርጠሽ ኮንትሮልና ኤል ስትጫኚ የግጥም ቦታ ይከፈታል፤ ባዶ ቦታ ስትጫኚ ወደ ቀጣዩ ኖታ ይሄዳል፣ ሰረዝ ስትጫኚ ቃሉ እንዳልተጨረሰ ያሳያል።

ችግሩ የት ላይ መቁረጥ ነው። ፊደላችን አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ስለሚመስል ሰው ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ፊደል ይሰጣል። «ሃሌ ሉያ» ላይ ይሠራል፤ አራት ፊደል፣ አራት ኖታ። «ምስጋና» ላይ ግን ይበላሻል። ፊደሉ አራት ነው፣ የሚዘመረው ሦስት፦ ምስ፣ ጋ፣ ና። ሳድሱ «ስ» ራሱን ችሎ አይዘመርም፣ ከፊቱ ላለው መዝጊያ ነው። «እግዚአብሔር» ሰባት ፊደል ነው፤ ሲዘመር አራት፦ እግ፣ ዚ፣ አብ፣ ሔር። ሳድስ ሁሉ ግን መዝጊያ አይደለም፤ «ምስጋና» ውስጥ «ም» ድምፅ አለው፣ «ስ» የለውም። ይህን ፕሮግራም አያውቀውም፣ አፍ ነው የሚያውቀው። እኔ መጀመሪያ ጮክ ብዬ እዘምረዋለሁ፣ ከዚያ እቆርጠዋለሁ። የሚጠብቀውንም ፊደላችን አያሳይም፤ «አለ» ሲጠብቅ አል፣ ለ ነው፤ ሲላላ አ፣ ለ። ለልጆቹ ስል የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ ወላጆች «ይህ ምን ዓይነት አማርኛ ነው» ብለው ደብዳቤ ጽፈውልኛል።

ባዶ አራት ማዕዘን የመጣብሽ የተመረጠው የፊደል ቅርጽ ግዕዝ ስለሌለው ነው። የግጥሙን ፊደል ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሪው። ድሮ ዩኒኮድ ባልሆነ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ግጥም ካለሽ ደግሞ ገልብጠሽ ብትለጥፊው አይሠራም፤ እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

ገልባጩ (ሐሙስ ጠዋት 1፡20)

«አል፣ ለ»። እኛ ይህን በብዕር ስንጽፍ ከፊደሉ ላይ ነጥብ እናደርግ ነበር። የሚገርም ነው፣ ማንም አላስተማረንም።

ኮረብታ77 (ሐሙስ ቀን 6፡00)

በስልክ ፎቶ አንስቶ የሚቀይር የለም? ስካነር የሌለን ምን እናድርግ?

ስቱትጋርት_ባስ (ሐሙስ ቀን 6፡40)

አለ። ፕሌይስኮር 2 በስልክ ካሜራ አንብቦ ያጫውታል፣ ከፍለው ከገቡ ሙዚክ ኤክስኤምኤልም ያወጣል። ዜማውን ቶሎ ለመስማት ጥሩ ነው። ፎቶ ስታነሱ ግን ከመስኮት ጎን፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ የራሳችሁ ጥላ እንዳያርፍበት። ጥላ ያረፈበት አምስት መስመር ሦስት መስመር ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ፋይሉ ፒዲኤፍ ሆኖ ከደረሳችሁ በጣም አጉሉት። ጠርዙ ጥርት ብሎ ከቀጠለ ከኖታ ፕሮግራም በቀጥታ የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፕሮግራሙ ያለ ችግር ያነባል። ከደበዘዘ ስካን ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የላከላችሁን ሰው «ዋናው ፋይል የለህም?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰው ይህን ረስቶ ስንት ሌሊት ይደክማል።

ኮረብታ77 (ሐሙስ ቀን 6፡55)

ዋናውስ ፋይል አለኝ፤ ፊናሌ በተባለው የኖታ ፕሮግራም የተሠራ። ኮምፒውተሬ ሲቀየር አይከፈትም ብዬ ነው የምፈራው።

ስቱትጋርት_ባስ (ሐሙስ ቀን 7፡05)

ዛሬ ማታ ሁሉንም በሙዚክ ኤክስኤምኤል ያስቀምጧቸው። የፊናሌ ባለቤት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ልማቱን ማቆሙን አስታውቋል። ሙዚክ ኤክስኤምኤል ግን ሙዝስኮርም፣ ሲቤሊየስም፣ ዶሪኮም ያነቡታል። በሚዲ ብቻ እንዳያስቀምጡ። ሚዲ የሚያውቀው የትኛው የፒያኖ ቁልፍ እንደተነካ ነው፤ 61 ቁጥር ሬ ፍላት ይሁን ዶ ሻርፕ አይለይም። ባለክላርኔት ያሉት አንቺሆዬ በሚዲ አልፎ ሲመለስ ሬ ፍላቱ ዶ ሻርፕ ሆኖ ይመጣል፤ ድምፁ አንድ ነው፣ አንባቢው ግን ይሰናከላል።

ፊደል_ቆጣሪ (ሐሙስ ምሽት 2፡30)

ሐዋሳዋ፣ ከጨረስሽ በኋላ ፋይሉን ለሁሉም ከማከፋፈልሽ በፊት ደራሲዎቹን አጣሪ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ብዙዎቹ የመዝሙር ደራሲዎች በሕይወት አሉ፤ ስልክ መደወል ይቻላል። እኔ የደወልኩላቸው ሁሉ ደስ ብሏቸው ፈቅደዋል፤ አንዱ እንዲያውም ሦስተኛውን ስንኝ አሻሽለው ሰጡኝ።

ሐዋሳ_አልቶ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ምሽት 2፡00)

ተመልሻለሁ። ከታተሙት 26 ገጾች 19ኙን በስካን፣ 7ቱን በእጄ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሰባቱ ኅትመታቸው የተፋቀ ስለነበር ባለ አንድ ሰዓት ገጾች ሆኑብኝ፤ የስቱትጋርቱን ወንድሜን ደንብ ተከተልሁ። ክሌፉን አስቀድሜ ማረሜ ብቻ ግማሹን ሥራ አቃለለልኝ። ሶፕራኖና አልቶ አንድ ዘንግ ላይ ሲሆኑ ፕሮግራሙ እንደ አንድ ድምፅ ስለሚቆጥራቸው መለያየቱ አድክሞኛል፤ ሙዝስኮር ውስጥ «ኤክስፕሎድ» የሚል መሣሪያ አገኘሁና ወደ ሁለት መስመር በተነልኝ።

በእጅ ከተጻፉት አምስቱን ጀምሬያለሁ። ኤን ተጭኖ መጻፍ መጀመር፣ 5 ለአንድ ምት፣ 4 ለግማሽ፤ ጣቴ ለምዶታል። ያልለመድኩት የኖታውን ስም ነው። እኔ በዶ ሬ ሚ ነው የተማርኩት፤ እዚያ ግን ዶ ለመጻፍ የሚነካው የላቲኑ «ሲ» ነው፤ የእኛን ሲ ለመጻፍ ደግሞ «ቢ»። ስንቴ ሲ እያልኩ ዶ እንደጻፍኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

የመጀመሪያውን መዝሙር ድምፁን አያይዣለሁ፤ በፋ ሜጀር ነው፣ ገና ዝቅ አላደረግሁትም። እስቲ ስሙልኝ።

ገልባጩ (እሑድ ምሽት 3፡30)

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ደህና ነው። ባር 23 ላይ ግን አልቶዋ ሲ ናቹራል (ፍላቱ የተሻረበትን ሲ) ትላለች፤ ጆሮዬን ቆረጠኝ። እዚያ ላይ ሲ ፍላት ነው መሆን ያለበት። ነገርኩሽ፣ ማሽኑ ትክክል የሚመስል ስህተት ይሠራል።

ሐዋሳ_አልቶ (ሰኞ ጠዋት 2፡10)

ጋሼ፣ ወረቀቱን አየሁት። የናቹራል ምልክቱ ታትሟል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው።

ገልባጩ (ሰኞ ጠዋት 2፡25)

ወረቀቱ ተሳስቷል።

ሐዋሳ_አልቶ (ሰኞ ምሽት 1፡40)

ከመዘምራኑ ሁሉ የቆዩት እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ አልቶ ናቸው፣ ኖታ ግን አያነቡም። «እስቲ ያቺን ቦታ ይዘምሩልኝ» አልኳቸው። ሲ ፍላት ዘመሩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?» አልኳቸው። «አሠልጣኙ አንድ ቀን በእርሳስ ሰርዘውታል፤ ማተሚያ ቤቱ ተሳስቷል ብለው» አሉኝ።

ቤት ተመልሼ ሁለቱንም ስካን ጎን ለጎን ከፈትኩ። መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ባደረግሁት ላይ ምንም የለም። በግራጫው ላይ አጎላሁት፤ በናቹራሉ መካከል አንድ ቀጭን የእርሳስ ጭረት አለ። ካላወቁት የወረቀት እጥፋት ይመስላል።

ገልባጩ (ሰኞ ምሽት 1፡50)

የቀሩትንም ገጾች በግራጫው ላይ እያጎላሽ እርሳስ ፈልጊ። ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ አይሰርዝም።